ደላላው የሚያውቀውን ቢጽፍ ምን ያጣል?

«የሚሸጥ መኖሪያ ቤት፤ 200 ካሬ፣ ጂ+1፣ ካርታ ያለው፣ ለዋና መንገድ የቀረበ፣ ዋጋ በድርድር። ደላላ አንፈልግም።»

ይህን የመሰለ ማስታወቂያ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ድሮ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከዚያም ወደ ጋዜጣ ገባ። ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል። መለጠፊያው ይለዋወጥ እንጂ ቃሉ ያው ነው። የሚያስገርመው የመጨረሻው ሐረግ ነው። «ደላላ አንፈልግም» የሚለውን አንብቦ የደወለ ገዢ፣ ስልኩን የሚያነሳለት ራሱ ደላላ ሆኖ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የራሱን ስም ደብቆ ካልሆነ በቀር ደንበኛ የማይጠጋው ሙያ ችግር ላይ ነው። ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ዘወትር የሚነሱት ፈቃድ፣ ቁጥጥርና ቅጣት ናቸው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ደላላው የማንንም መመሪያ ሳይጠብቅ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ላይ ነው። ይኸውም ስለ ሰነድ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ዋጋና ስለ ወጪ የሚያውቀውን በስሙ እየጻፈ ለሕዝብ መስጠት ነው።

ነገሩ ለብዙ ደላሎች የተገላቢጦሽ ሊመስል ይችላል። «የምኖረው በማውቀው ነው፤ የማውቀውን ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከገበያው አሠራር እንጀምር።

ጥሩውን የሚያስወጣ ገበያ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። መኪናው ደህና ይሁን ችግር ያለበት የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው የሚያቀርበው ዋጋ በጥሩውና በመጥፎው መካከል ያለ ይሆናል። የጥሩ መኪና ባለቤት በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። መጥፎው እየበዛ ሲሄድ ገዢው ዋጋውን ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ምክንያት ከገበያ ይባረራል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ መስክ ባደረገው ጥናት ነው።

ይህን ወደ አዲስ አበባ የቤት ገበያ ስናመጣው የሚታየው ሥዕል ተመሳሳይ ነው። አንዱ ቤት ንጹሕ ካርታ አለው። ሌላው በባንክ ዕዳ ተይዟል። ሦስተኛው በወራሾች ክርክር ላይ ነው። አራተኛው የጨረቃ ቤት ነው። በማስታወቂያው ላይ ግን አራቱም «ካርታ ያለው፣ ዋጋ በድርድር» ናቸው። ንጹሕ ሰነድ ያለው ባለቤት ከዚህ ግርግር ሸሽቶ ቤቱን ለዘመድና ለወዳጅ በጆሮ ይሸጣል። ገበያው ላይ አጠራጣሪው ይበዛል።

በደላሎችም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። አንዱ ደላላ ሁለት ቀን ሙሉ በክፍለ ከተማ ሰነድ ሲያጣራ ይውላል። ሌላው ስልክ ቁጥር ከማቀባበል በቀር የሚሠራው የለም። ደንበኛው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል፤ ኮሚሽን ሲከፍልም እኩል ያጉረመርማል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ደላላ ነገ ለምን ይደክማል? ማጣራቱን ይተወዋል፤ ወይም ሙያውን ይለቃል። የሚጎዳው ደግሞ ደላላው ብቻ አይደለም። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ የሚመጣው ገዢም አብሮ ይጎዳል።

መውጫው ምንድን ነው? ከላይ የተጠቀሰው ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ጥሩው ራሱን ከመጥፎው የሚለየው፣ ለጥሩው ቀላል ለመጥፎው ግን ውድ የሆነ ምልክት ሲያሳይ ነው። «እኔ ታማኝ ነኝ» ብሎ መናገር ምልክት አይሆንም፤ ውሸታሙም በነፃ ይለዋል። «ይህን ቤት ኅዳር 10 ቀን ሰነዱን አይቼ ይህን ይህን አግኝቻለሁ» ብሎ ስምና ቀን አኑሮ መጻፍ ግን ለውሸታሙ አደገኛ ነው። ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ይመሰክራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የጻፈ ሰው ከዓመት በኋላ በጻፈው ይመዘናል።

የኮሚሽኑ ሒሳብ

ሻጩም ቢሆን ደላላውን የሚጠረጥርበት ምክንያት አለው። ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን መርምረዋል። አሻሻጮች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ፣ የደንበኛ ቤት ከሚሸጡበት ጊዜ ይልቅ በአማካይ 9 ቀን ተኩል ያህል አስረዝመው ገበያ ላይ ያቆዩታል። የሚሸጡትም 3.7 በመቶ ከፍ ባለ ዋጋ ነው።

ምክንያቱ በአገራችን ሒሳብ ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። አንድ ቤት 12 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ በልማድ የሚጠየቀው ኮሚሽንም 2 በመቶ ነው እንበል። ደላላው 240 ሺህ ብር ያገኛል። ጥቂት ቢታገሥና ዋጋው በ3.7 በመቶ ቢጨምር ሻጩ 444 ሺህ ብር ያተርፋል፤ ለደላላው የሚደርሰው ጭማሪ ግን 8,880 ብር ብቻ ነው። ለ8,880 ብር ብሎ የ240 ሺህ ብሩን ሥራ ለአደጋ የሚያጋልጥ ደላላ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ «አሁኑኑ ይሽጡ፣ ዋጋው ይወርዳል» የሚለው ምክር ለማን ጥቅም እንደተሰጠ ሻጩ አያውቅም።

ይህን ጥርጣሬ በቃል ማስወገድ አይቻልም። በሰፈሩ ባለፉት ወራት ምን ዓይነት ቤት በምን ያህል ተጠይቆ በምን ያህል እንደተሸጠ አስቀድሞ ሲጽፍ የቆየ ደላላ ግን ምክሩን የሚደግፍበት መዝገብ አለው። ሻጩ ምክሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል።

ደላላ በሕግ ፊትም ተራ ስልክ አቀባባይ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ አድርጎ ተርጉሞት ነበር። «ራሱን ችሎ» የሚለውን ልብ ይሏል። ደላላ የሻጭ ሎሌ ወይም የገዢ ሰላይ እንዲሆን አልታሰበም።

ምን ይጻፍ?

«ምን እጽፋለሁ?» ለሚል ደላላ መነሻው ቀላል ነው። በሳምንቱ ውስጥ ደንበኞች በስልክ ደጋግመው የጠየቁትን ጥያቄ በደብተር ይመዝግብ። ሦስት ሰው የጠየቀው ጥያቄ ሦስት መቶ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ርዕሶች ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሥራ አላቸው።

አንደኛ፣ ሰነድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንግዲህ «200 ካሬ ይሸጣል» ሲባል የሚሸጠው ቤቱና በሕግ የተፈቀደው የመጠቀም መብት ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ዛሬም አለ። ነባር ይዞታና የሊዝ ይዞታም ልዩነት አላቸው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚል ማስታወቂያ እንግዲህ ስለ ሻጩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ገዢው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ደላላ ይህን በአንድ ገጽ ቢያስረዳ ስንት ሰው ከጸጸት ያድን ነበር?

ሁለተኛ፣ የሚሸጠው ማነው? በአዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ያዛል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜውም ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ናት፣ ስትመጣ ትፈርማለች» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በውክልና የሚሸጥም ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ሥልጣን በግልጽ የሰጠ መሆን አለበት፤ ንብረት የማስተዳደር ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወላጅ ሞቶ ስሙ ያልዞረ ቤት ሲሆን ደግሞ የወራሽነት ማስረጃውና የወራሾቹ ሁሉ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ ውልና ቀብድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲፈጸም ይጠይቃል። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ሥራው ይህ ነው። በካፌ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ምስክር ተፈርሞ ሚሊዮኖች የሚተላለፉበት ወረቀት ክርክር ሲነሳ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ደላላው ከማንም በላይ ያውቃል። ቀብድም እንዲሁ ነው። በሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሽያጩ ውል ራሱ ካልጸና ግን ቀብዱም የክርክር ምንጭ ይሆናል።

አራተኛ፣ ኮንዶሚኒየም። በዕጣ የተገኘ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተደረገው ቤቱ ለታለመለት ነዋሪ እንዲደርስ ታስቦ ነው። ጊዜው ሳይሞላ በውክልና፣ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሽፋን የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሻጩን ቃል ነው። ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም ቢሞት ገዢው ከማን ጋር ይከራከራል? የባንኩ ቀሪ ዕዳስ በማን ላይ ይወድቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ከዋጋው በላይ ያለ ወጪ። ገዢ የሚያስበው የቤቱን ዋጋ ነው። የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ፣ የውል ምዝገባ፣ ያልተከፈለ የሊዝና የቤት ግብር፣ የኮንዶሚኒየም የጋራ መዋጮ፣ የመብራትና የውኃ ውዝፍ፣ በመጨረሻም የራሱ የደላላው ኮሚሽን ሲደመሩ በጀቱ ይናጋል። የትኛውን ሻጭ፣ የትኛውን ገዢ እንደሚከፍል ከድርድሩ በፊት በዝርዝር መጻፍ በፊርማው ዕለት የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስድስተኛ፣ ሰፈር። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በክረምት ጎርፍ የት ይገባል? ታክሲ ከምሽቱ ስንት ሰዓት ድረስ ይገኛል? ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? የኮንዶሚኒየም ገዢ ደግሞ ስለ ደረጃው ጽዳት፣ ስለ ጥበቃው፣ አምስተኛ ፎቅ ውኃ ስለ መድረሱ መስማት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የከተማው ፕላን አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ነባር ሰፈሮች ሲነሱ ያየ ገዢ «ይህ ቦታ ይነሳል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ደላላው እዚህ ላይ ነቢይ ልሁን ማለት የለበትም። የሚጽፈው ጥያቄው የት መሥሪያ ቤት፣ በምን ዓይነት ማመልከቻ እንደሚቀርብ ነው። «አይነሳም፣ እኔ አውቃለሁ» የሚል ደላላ ነገ ዋስ አይሆንም።

ሰባተኛ፣ ዋጋ። ሌላው የኖቤል ተሸላሚ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ ዋጋ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለዚህም ነው ለአንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ከተማ ብዙ ዋጋ የሚኖረው። በእኛ ገበያ ሕዝቡ የሚሰማው የተጠየቀውን ዋጋ ነው። የተሸጠበትን የሚያውቁት ሻጩ፣ ገዢውና ደላላው ናቸው። የሰዎቹን ስምና የቤቱን ቁጥር ሳይጠቅስ «በዚህ ወር በዚህ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ከዚህ እስከዚህ ተጠይቆ ከዚህ እስከዚህ ተሸጧል» ብሎ የሚጽፍ ደላላ ለሰፈሩ መለኪያ ይሆናል። ጽሑፉ ቀን ይኑረው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የስድስት ወር ዋጋ አሮጌ ዋጋ ሊሆን እንደሚችል ነጋዴ ሁሉ ተገንዝቧል።

ስምንተኛ፣ ኪራይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይና የሚከፍል ተከራይ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በደላላ በኩል ነው። አዋጁን ለሁለቱም ወገን ያስረዳ ደላላ የዛሬ ተከራዩን የነገ ገዢ አድርጎ ያቆየዋል።

ዘጠነኛ፣ በውጭ ያለው ወገን። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በዱባይ ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው ቤቱን የሚያየው በዘመድ ዓይን ነው። የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በቢጫ ካርዱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን እንደሚችል፣ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ እንዴት እንደሚያረጋግጥ፣ ገንዘቡን በባንክ ማስተላለፍ ለምን እንደሚጠቅመው የሚገልጽ ጽሑፍ በቤተሰብ መካከል የሚፈጠረውን ቅሬታም ጭምር ይቀንሳል።

አንድ ማስታወቂያ ሲታረም

ከላይ የተነሣነውን ማስታወቂያ በዚህ መልክ ብንጽፈው ምን ይመስላል? ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው።

«ሰሚት አካባቢ፣ ጂ+1፣ በ200 ካሬ ላይ የተሠራ። ካርታው በባልና ሚስት ስም ነው፤ ሁለቱም አገር ውስጥ ናቸው፣ ለመሸጥም ተስማምተዋል። ይዞታው ሊዝ ነው፤ ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ አለው፣ መጠኑ በደብዳቤ ተረጋግጧል። የባንክ ዕዳም ሆነ የፍርድ ቤት እገዳ የለበትም። ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር አለው። ከአስፋልቱ 300 ሜትር ኮብልስቶን ነው። የሰርቪሱ ጣሪያ በክረምት ያፈሳል። የሚጠየቀው 18 ሚሊዮን ብር ነው። የስም ማዛወሪያውን ገዢ ይከፍላል። ኮሚሽን ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ። ሰነዱ የታየው ኅዳር 10 ቀን ነው።»

የሚያፈሰው ጣሪያ መጻፉ ብዙዎችን ያስደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን ገዢው ጣሪያውን አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ሳይነገረው ካገኘው «ሌላስ ምን ደብቀውኛል?» ብሎ ዋጋውን በብዙ ያወርዳል፤ ወይም ጨርሶ ይሄዳል። ከተነገረው ግን የሚቀንሰው የጣሪያውን ማሠሪያ ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለ። ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን አይበቃኝም የሚል ሰው ሳይደውል ይቀራል፤ ደላላውም ቤት በማሳየት የሚያባክነው ነዳጅና ጊዜ ይተርፋል። የሚደውለው አብዛኛውን ነገር አውቆ የመጣ ገዢ ነው።

አጻጻፉ

ጥሩ ደላላ ጥሩ ጸሐፊ መሆን የለበትም። ለደንበኛ በስልክ በሚናገርበት ቋንቋ ቢጽፍ ይበቃል። ጥቂት ልማዶችን ግን መያዝ ይገባዋል።

በአንድ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሳ። ስለ ውክልና የጀመረ ስለ ውክልና ይጨርስ። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ይውጣ፤ አንድ ሳምንት አሥር ጽሑፍ ጽፎ ሦስት ወር መጥፋት ሰውን አያስለምድም። ቀን ይጻፍበት። የተሸጠ ቤት በዚያው ዕለት «ተሽጧል» ይባል፤ ለደንበኛ ማጥመጃ ተብሎ የሚቆይ የተሸጠ ቤት እምነት ከሚያጠፉት ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ፎቶግራፉ የዚያው ቤት ይሁን። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቅጂና የግል ችግር አይውጣ፤ «ባለቤቱ ተቸግሮ ነው የሚሸጠው» ብሎ መጻፍ ሻጩን መክዳት ነው። ሕግ ሲጠቀስ የአዋጁ ቁጥርና ዓመት ይጠቀስ፤ ከአዋጁ በላይ የሆነ ጉዳይ ሲገጥም ደግሞ «ጠበቃ ያማክሩ» ማለት አያሳፍርም። ሕግ ይለወጣልና የቀድሞው ጽሑፍ በየጊዜው ይታረም። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ሪል ስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ አጽድቋል። ከዚያ በፊት ሳይሠራ ስለሚሸጥ አፓርታማ የጻፈ ሁሉ ጽሑፉን እንደገና ማየት ይኖርበታል።

ተስፋ አይሰጥ። «ዋጋው በዓመት እጥፍ ይሆናል» የሚል ደላላ ምናልባት አንድ ቤት ይሸጥ ይሆናል። ዋጋው ሳይጨምር የቀረ ዕለት ግን ያ ጽሑፍ በገዢው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

«ይዘሉኛል» የሚለው ሥጋት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ደላላው የሚያውቀውን ሁሉ ከጻፈ፣ ሻጭና ገዢ እሱን ወደ ጎን ትተው አይዋዋሉም? ሌላው ደላላስ ጽሑፉን ገልብጦ የራሱ አያደርገውም?

ሁለቱም ይሆናሉ። ዛሬም ይሆናሉ። ደላላው ምንም ሳይጽፍ ቤቱን ካሳየ በኋላ ሻጭና ገዢ ስልክ ተለዋውጠው የሚጠፉት ስለ ሰነድ ጽሑፍ አንብበው አይደለም። ደላላው አድራሻውን ከመንገር በቀር ምንም አልሠራም ብለው ስለሚያስቡ ነው። አድራሻ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ዋጋ የለውም። የማጣራት፣ የማደራደርና እስከ ስም ማዛወር የመከታተል ሥራ ግን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። ሰው ስለ ወገብ ሕመም ጽሑፍ ስላነበበ ሐኪም ቤት መሄዱን አይተውም። እንዲያውም ምን ያህል ነገር ሊበላሽ እንደሚችል ሲያውቅ የሚረዳው ሰው ይፈልጋል።

ለኮሚሽኑም ቢሆን መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ቤት ከማሳየት በፊት ከሻጩም ከገዢውም ጋር የኮሚሽኑን መጠን፣ የሚከፈልበትን ቀንና ሁኔታ የያዘ አጭር ውል መፈራረም ያስፈልጋል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍረው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ደላላ ነው። ዓመት ሙሉ በስሙ ሲጽፍ የኖረ ሰው ውል ሲጠይቅ ደንበኛው አይገረምም።

ጽሑፍ የሚያስከፍለው ዋጋ የለም ማለት ግን አይደለም። ጉድለቱ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ቤቱን ለሌላ ደላላ ይሰጣል። ሊያልቅ የተቃረበ ሽያጭ በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ይፈርሳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለብዙ ደላላ ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ይህን መስዋዕትነት አስቦበት መግባት አለበት። ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በሳምንት አንድ ገጽ በመጻፍ መጀመር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ሒሳቡ በስተመጨረሻ ይህ ነው። አንድ ቤተሰብ ቤት የሚገዛው በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ ቤተሰብ ደላላው ደግሞ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ወንድም፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ነው። እነዚህ የሚመጡት «እሱ የነገረን ሁሉ እንደ ነገረን ሆነ» ሲባል ብቻ ነው። ይህ ቃል እስኪሰማ ድረስ አንድ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ያ ደላላ ማስታወቂያው ላይ «ደላላ አንፈልግም» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ስሙን ይጽፋል።